የሀርድቶፕ የፊት ወንበር ወደ ኋላ ይዞራል ወይ? ከሀዋሳ የተነሳ ጥያቄና የመጡለት መልሶች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የምኖረው ሀዋሳ ነው። መኪናዬ ላንድክሩዘር 78 ናት፤ ሁላችንም ሀርድቶፕ የምንላት። ድሮ የመስክ መኪና ነበረች። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩትን አግዳሚ ወንበሮች አስወጥቼ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የጀሪካን ማስቀመጫ በፕላይውድ አሠርቼባታለሁ። የቀረኝ መቀመጫ ነው።

ባሌ ሄዶ ሳነቴ ላይ ያደረ ሰው ችግሬ ይገባዋል። መንገዱ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ውጭ ወንበር ዘርግቶ ራት መብላት አይታሰብም። ባለቤቴና ልጆቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተኮራምተው ነው የሚበሉት። ሁለቱ የፊት ወንበሮች ወደ ኋላ ቢዞሩ ግን መሀል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ገብታ ለአራት ሰው ሳሎን ይወጣናል። ስለዚህ ጠየቅኩ። መዞሪያ ብረቱን ከውጭ ላስመጣ ወይስ እዚሁ ቶርኖ ቤት ላሠራ? የሞከረ አለ?

መልሱ ካሰብኩት በላይ ጎረፈ። ዘግይቶ የመጣ ሰው ሁሉ የቱ ጋ ምን እንደተባለ እየጠየቀኝ ስለሆነ፣ በየቁጥሩ አንስቼ ልንገራችሁ።

መልስ 1 እና 2 ምርቃት ናቸው። አንዱ ፎቶ ላክልን አለ። ሌላዋ ወንዶ ገነት በድንኳን ማደር እንደሰለቻትና ሐሳቡ ደስ እንዳላት ጻፈች።

መልስ 3 የአንድ ዶልፊን ባለቤት ነው። ሀርድቶፕ ጠባብ ስለሆነ ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይስ ፈልጌ የእሱን ወንበር እንዳዞር በሙሉ ልብ መከረኝ። በመልስ 4 ሌላ ሹፌር በትህትና አረመው። ዶልፊንም ሆነ አባዱላ፣ ሁለቱም ሃይስ ናቸውና፣ ሞተራቸው የተቀመጠው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ሞተሩን ለማየት ወንበሩ ይነሳል። ስለዚህ መዞሪያ ብረት የሚታሰርበት ወለል የለም፤ ያለው የሞተር ክዳን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ ሃይስ ሞተሩ ወደ ፊት ስለወጣ እሱ ላይ ነገሩ ሌላ ነው አለ። የዶልፊኑ ባለቤት አመስግኖ ተቀበለ።

መልስ 5 ላይ የገባው ለብዙ ዓመት ቱሪስት ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ፈረንጆች ከአገራቸው እየነዱ ይዘዋቸው የሚመጡትን መኪኖች ከቅርብ አይቷል። ለማያውቅ ሰው አሠራሩን ቁጭ አድርጎ አስረዳ። ነገሩ ሁለት ብረት ነው። የታችኛው ወንበሩ በፊት ታስሮበት በነበረው ቀዳዳ በቡሎን ይታሰራል። የላይኛው የወንበሩን ሐዲድ ይሸከማል። መሀላቸው ላይ የሚዞሩበት አንጓ አለ። ወንበሩ ወደ ፊት ሲመለስ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ መቆለፊያ አለው። አዟዟሩም ሥርዓት አለው፦ መደገፊያውን ቀጥ ማድረግ፣ ወንበሩን በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት መሳብ፣ በሩን መክፈት፣ ከዚያ ማዞር። በሩ ተዘግቶ የሚዞርበት መኪና ብዙ አይደለም። ይህ ሰው ባይገባበት ኖሮ ግማሾቻችን ስለ ቢሮ ወንበር እያሰብን እንቀጥል ነበር።

መልስ 6 ነገሩን አሞቀው። አቶቴ አካባቢ የሚሠራ በያጅ ነው። ሁለት ባለ 10 ሚሊ ላሜራ በክብ ቆርጦ፣ መሀሉ ላይ ከከባድ መኪና የወጣ ኩሽኔታ አስገብቶ፣ በጎን የበር መቀርቀሪያ የመሰለ መቆለፊያ በይዶ በአጭር ቀን እንደሚያስረክበኝ ጻፈ። ዋጋው የውጭውን ለማስገባት ከሚከፈለው ቀረጥ እንኳ ያንሳል አለ። ከመልስ 7 እስከ 9 ያሉት ሁሉ አድራሻውን የሚጠይቁ ናቸው።

ከዚያ መልስ 10 መጣ። የጻፈው አውቶ ሜካኒክ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ሰላምታም አልነበረውም። ኩሽኔታውን ትታችሁ ስለ ቀበቶው ያሰበ አለ ወይ ብሎ ጀመረ። የወንበር ቀበቶ ሦስት ቦታ ይታሰራል። አንዱ በሩ ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ነው። አንዱ ከታች በበሩ በኩል ነው። ሦስተኛው ቀበቶው ጠቅ ብሎ የሚገባበት ማሰሪያ ነው፤ እሱ በአንዳንድ መኪና ወለሉ ላይ፣ በሌላው ደግሞ በወንበሩ ላይ ይታሰራል። በወንበሩ ላይ ከሆነ መኪናው ሲጋጭ ሰውየውን የሚይዘው ጉልበት የሚያልፈው በዚያው በመዞሪያው ብረት በኩል ነው። ይኼ የምቾት ዕቃ መሆኑ ያከትማል።

በያጁ በመልስ 11 ተቆጣ። የእሱ ብየዳ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ተሸክሞ እንደሚኖር፣ አንድ ሰው ለተቀመጠበት ወንበር ስንት ቶን ሊመጣበት እንደሆነ ጠየቀ። አነጋገሩ የሚቆረቁር ነበር። አስተማሪው ግን ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ወስዶ በመልስ 12 በቁጥር መለሰለት። ከመልሶቹ ሁሉ ከምንም በላይ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህንን ነው።

አውሮፓውያን የሚሠሩበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 14 የሚባል አለ። የቀበቶ መታሰሪያ የሚፈተሸው በእሱ ነው። በአነስተኛ መኪና ላይ በትከሻው በኩል 1,350 ኪሎ ያህል፣ በወገቡ በኩል ደግሞ ሌላ 1,350 ኪሎ ያህል በአንድ ጊዜ ይጎተታል። ቀበቶው ከወንበሩ ጋር ከተያያዘ የወንበሩ ክብደት 20 እጥፍ ይጨመርበታል። ወንበሩ 25 ኪሎ ቢሆን ሌላ 500 ኪሎ ማለት ነው። ድምሩ ከ3 ቶን ያልፋል። ያን ሁሉ የሚሸከሙት አራት ቡሎኖችና መሀል ያለው አንጓ ናቸው። የከባድ መኪና ኩሽኔታ ከላይ የሚጫንበትን ይችላል። በግጭት ጊዜ የሚመጣው ግን ወንበሩን ወደ ፊት ገልብጦ ሊነቅል የሚሞክር ጉልበት ነው። ሁለቱን ብረቶች አንዱን ከሌላው ጋር ዙሪያውን ነክሶ የሚይዝ ነገር ከሌለ የላይኛው ከታችኛው ይላቀቃል።

ስለ ቡሎንም ጨመረ። ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ቡሎን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 80 ኪሎ ያህል ይችላል። 10.9 ከሆነ 100 ኪሎ ያህል። ምንም ያልተጻፈበት ግን ምን እንደሚችል ማንም አያውቅምና ወንበር ሥር እንዳይገባ። የወንበሩን ሐዲድ መበየድም አይሞከርም አለ፤ የብየዳው እሳት ብረቱን ያዳክመዋል፣ ያጣምመዋልም።

መልስ 13 በጣም አስከፋኝ። አንድ ሰው አስተማሪውን የአገር ውስጥ ሥራ የሚያንቋሽሽ፣ የውጭ ነገር ብቻ የሚያመልክ አድርጎ ጻፈበት። ሰውየው ግን አንድም ቦታ በያጁን አልናቀም። መጠኑን ነው የተናገረው። ስለ ቤተሰብ ደህንነት እየተወራ ነገሩን ወደ ክብር ጉዳይ ማዞር ተገቢ አይደለም፤ ያኔም ይህንኑ ጽፌለታለሁ።

ጭቅጭቁን ያበረደችው መልስ 14 ላይ የገባች እህት ናት። ጥቁር ውሃ አካባቢ ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ ሰው ለመጨመር ተብሎ በኋላ የተበየደ ተጨማሪ ወንበር ከነተሳፋሪው ተነቅሎ ወደ ፊት ሲሄድ አይታለች። ፍጥነቱ ብዙ አልነበረም፤ ግጭትም አልነበረም። ተሳፋሪዋ ጉልበቷ ተሰብሮ ለረጅም ጊዜ በክራንች ሄደች። እህታችን ይህን ያለ ምንም ክርክር ጽፋ ወጣች።

ከዚያ በኋላ በያጁ በመልስ 15 ተመለሰ፤ አነጋገሩም ሌላ ነበር። የእኔ መኪና ማሰሪያ የቱ ላይ ነው የታሰረው ሲል ጠየቀኝ። ወረድኩና የስልክ መብራት ይዤ ወለሉ ላይ ተንጋለልኩ። የማሰሪያው እግር በመተላለፊያው በኩል ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ቡሎኑ ወፍራም ነው፤ ራሱ ዙሪያ ለዓመታት የተጋገረ የጎዳና አቧራ አለ፣ ከሥሩ አንድ ሮንዴላ ይታያል። ፎቶውን ለጠፍኩት። አስተማሪው ደስ አለው። ቀበቶው ከወለሉ ጋር ስለሆነ ወንበሩ ሲዞር ማሰሪያው ቦታው ላይ ይቀራል፤ መዞሪያው ላይ የሚመጣውም ጉልበት ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን አጥብቆ አስጠነቀቀ። የቀበቶ ቡሎን ብዙውን ጊዜ 7/16 ኢንች ነው፤ ወደ 11 ሚሊ ይጠጋል። ጠፋ ብሎ በእሱ ቦታ ባለ 12 ሚሊ ቡሎን አስገድዶ የሚያስገባ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። እንዲህ የተበላ ጥርስ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አይዝም።

መልስ 16 እና 17 ስለ ከፍታ ናቸው። መዞሪያ ብረት ወንበሩን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያነሳዋል። መልስ 16 የጻፈችው አጭር ሴት ሹፌር ናት። አሁንም ፍሪሲዮን እስከ ታች ለመርገጥ ወንበሯን ጥግ ድረስ ትስባለች፤ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለች እግሯ አይደርስም። መልስ 17ን የጻፈው ደግሞ ረጅም ሰው ነው። የዶዶላን መንገድ ድሮ አስፋልት ሳይሆን ሲነዳ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጭንቅላቱ ጣሪያ ይመታ ነበር። ሁለቱም የሹፌሩን ወንበር ተወው አሉኝ። እኔም ማመንታት የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው።

መልስ 18 ከአውስትራሊያ ነው። እዚያ የሚኖር ወገናችን ይህችው መኪና በዚያ አገር ለካምፒንግ በጣም እንደምትፈለግና መዞሪያዋ ተዘጋጅቶ እንደሚሸጥ ነገረን። ነገር ግን የእነሱ መሪ በቀኝ ነው። መዞሪያው አንጓው ልክ መሀል ላይ አይደለም፤ ወደ መኪናው መሀል ጥቂት ፈቀቅ ይላል። ምክንያቱም ወንበሩ ሲዞር ከበሩ ምሰሶ መሸሽ አለበት። የእነሱ ጋቢና ግራ ነው፣ የእኛ ቀኝ። ስለዚህ የእነሱን የጋቢና መዞሪያ ገዝቶ እኛ ጋቢና ላይ ያሰረ ሰው ወንበሩ ወደ ምሰሶው ይሄድበታል። ሲታዘዝ ለግራ መሪ መኪና፣ ለቀኝ ወንበር መባል አለበት። ይህን ባያነሳልን ኖሮ ገንዘባችንን ከስረን ነበር የምናውቀው።

መልስ 19 አጭር ናት፤ ጥቅሟ ግን ትልቅ ነው። አንዲት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት በካርቶን ሞክረው አለችኝ። የወንበሩን መቀመጫ ልክ ለካሁ፤ ወርዱ 50፣ ጥልቀቱ 55 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያ ልክ ካርቶን ቆርጬ፣ ወንበሩን አውጥቼ፣ በምስማር መሀሉን ወግቼ አዞርኩት። ከመሀል እስከ ማዕዘኑ 37 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 50 ሳንቲ ሜትር የሚመስለው ወንበር ለመዞር የሚፈልገው ቦታ 74 ነው። ምስማሩ መሀል ላይ ሳለ የካርቶኑ ጥግ የበሩን ምሰሶ ታከከ። ምስማሩን ወደ መተላለፊያው ሳስጠጋው አለፈ፤ በሩ ክፍት ከሆነ ማለት ነው። በሹፌሩ በኩል ግን አንዱን ስሸሽ ሌላው ይመታል፤ ከፊት መሪው አለ፣ ከጎን የማርሽ ዘንጎቹ።

ከመልስ 20 እስከ 26 ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ። አንዱ ሐይቁ ዳር መኪና አቁሞ ማደር ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ በጠዋት ይገኛል፣ ትንኙ ግን ለእንቅልፍ አያመችም ተባለ። የመስኮት መረብ የሚሰፋ ሰው ተጠቆመ። አንድ የአዳማ ሰው ሶደሬ ከሀዋሳ ይሻላል ብሎ ገባና የሀዋሳ ልጆች ተረባረቡበት። ሌላው ለምን አዲስ ሰፊ መኪና አትገዛም አለኝ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለንን አሳምረን መያዝ ነው ብዬ መለስኩለት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ መልስ 24ን ማለፍ አልችልም። የጻፈችው ነርስ ናት። ሳነቴ ላይ ለብርድ ብለው መኪና ውስጥ ከሰል የሚያስገቡ ሰዎች እንዳሉ ሰምታለች። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይገድላል፤ ሽታ የለውም፣ ሰው እንቅልፍ መስሎት ነው የሚሄደው። ቡታጋዝም ቢሆን መስኮት ሳይከፈት አይለኮስ፣ ለመሞቂያ ደግሞ ጭራሽ አይሁን አለች። መዞሪያ ወንበር የሚሠራ ሰው ውስጥ ሊያበስል ነውና ምክሯ ጉዳዩ ውስጥ ያለ ነው።

በመልስ 27 አንድ አባት ገቡ። የሹፌሩን ወንበር ባለበት ተወው፣ ራት ሲደርስ የምትታጠፍ በርጩማ ዘርጋ፣ ድሮ ጥናት ላይ ስንወጣ እንዲህ ነበር የምንበላው አሉ። መልስ 28 ላይ አንድ ልጅ አሾፈባቸው። በመልስ 29 እና 30 ሁለት ሰዎች ቆጣ ብለው ገሠጹት፤ እሱም ጋሼን ይቅርታ ጠየቀ። ሐሳባቸው ትክክል ነው። ጋቢናው ዞሮ፣ አልጋው ጫፍ ሁለት ሰው ይዞ፣ አራተኛው በርጩማ ላይ ቢቀመጥ ሳሎኑ ሙሉ ነው። የሹፌሩን ወንበር መንካት አያስፈልገንም።

መልስ 31 ስለ ወረቀት ነው። ሊብሬ ላይ መኪናው የሚጭነው የሰው ቁጥር ተጽፏል። የኋላ ወንበር ያወጣ ሰው ይህን ማስተካከል አለበት፤ ለቦሎ ሲቀርብም ጥያቄ ይነሳበታል። መልስ 32 ማን ያይብሃል አለ። መልስ 33 ደግሞ አደጋ በደረሰ ቀን ኢንሹራንሱ ያያል ብሎ አፉን አስያዘው። እኔም ከመልስ 33 ጋር ነኝ።

መልስ 34 ስለ ድምፅ ነበር። የቱሪስት ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። ኮረኮንች ላይ መቆለፊያው ትንሽ ክፍተት ካለው ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ይውላል። ወንበሩ ታስሮ የመጀመሪያውን ረጅም መንገድ ከሄደ በኋላ ቡሎኖቹ በሙሉ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ ዳዶው ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ከመነሳት በፊት መቆለፊያውን በእጅ መነቅነቅ ግዴታ ነው፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ዞሮ ሰው ይዞ መንዳት ደግሞ ፈጽሞ አይፈቀድም። አዲስ መኪና ያላቸውንም አስታወሰ። ወንበራቸው ጎን ኤርባግ ካለ ከሥሩ ቢጫ ሶኬት ይኖራል። ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ያን ሶኬት መንካት አደገኛ ነው። ሽቦውም ወንበሩ ሲዞር እንዳይጎተት ትርፍ ርዝመት ያስፈልገዋል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት መልሶች የጻፉት በያጁና አስተማሪው ናቸው። በያጁ መዞሪያውን የተፈተሸውን አስመጣ፣ እኔ ሌላውን ልሥራልህ አለ። ሌላው ማለት ወንበሩ ከፍ ብሎ ሲዞር እግር እንዳይንጠለጠል የሚረገጥ ሳጥንና የምትነቀል የጠረጴዛ እግር ነው። ሳጥኑ ባዶ እንዳይሆን ውስጡ የመፍቻ ዕቃ የሚገባበት በር እንደሚያወጣለትም ነገረኝ። አስተማሪው ደግሞ መዞሪያው ሲመጣ ወንበሩ ከመታሰሩ በፊት የአራቱንም ቡሎኖች ራስ ፎቶ አንስቼ እንድለጥፍ አዘዘኝ። ቁጥሩን ካነበበ በኋላ ሀዋሳ ከሆነ ራሱ መጥቶ፣ የማጥበቂያ ልኩን የሚያሳይ ቁልፍ ይዞ አብሮን ሊያስር ቃል ገብቷል። ለግራ መሪ፣ ለቀኝ ወንበር የሚሆነውን አዝዣለሁ። የሳጥኑን ልክም ለበያጁ ልኬለታለሁ።